ሰው የሚያስገባ ጡሩምባ

አንድ ከተማ ውስጥ፣ ከወንዙ ወዲህ፣ እንዶድ በር የሚባል ሰፈር ነበር። የሀብታም ሰፈር አልነበረም፤ ግን ሰው ያለበት ሰፈር ነበር። አመሻሽ ላይ ከሥራ የሚመለስ ሰው ከድልድዩ እስከ ቤቱ ሰላምታ እየመለሰ ነው የሚደርሰው፤ የቸኮለ ሰው በዚያ መንገድ ባይሄድ ይሻለው ነበር። የግቢ በር የሚዘጋው ውሻ እንዳይገባ ነው።

የሰፈሩ እድር አንድ ጡሩምባ ነበረው፤ ነፊው ንጋቱ ይባላል። ሰው ሲሞት ንጋቱ ማልዶ ይነሳና በየመንገዱ ማዕዘን ቆሞ ጡሩምባውን ይነፋል፤ ቀጥሎም የሟቹን ስም ይጠራል። ያን ድምፅ የሰማ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። የታመመ እንኳ በዱላ ተደግፎ ይወጣል። በእንዶድ በር የተጣላ ሰው ይኖራል፣ የተበዳደረ ሰው ይኖራል፣ ጡሩምባ ሰምቶ ቤቱ የተቀመጠ ሰው ግን አይኖርም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አንድ የቆዳ ነጋዴ ከገበያ ሲመለስ ድልድዩ አጠገብ በቢላዋ ተወግቶ ሞተ። ጩኸቱን የሰሙ ሮጠው ወጥተው ነበር፤ ሲደርሱ ግን ገዳዩ የለም፤ ነጋዴው የሆነ ነገር ሊናገር አፉን እንደከፈተ ቀርቷል። ማን እንደገደለው፣ በምን እንደተጣሉ ሳይታወቅ ቀረ። የሰፈሩን ሰው እንቅልፍ የነሳውም ይኸው ነው። ገዳዩ ቢታወቅ አንድን ሰው ይፈሩ ነበር፤ አለመታወቁ ግን ሰውን ሁሉ እንዲፈሩ አደረጋቸው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፤ ከዚያ ቀን በኋላ የማያውቁት መንገደኛ ሁሉ እሱን መሰላቸው።

የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ገብረየስ ሰፈሩን ሰበሰቡና አንድ መላ አቀረቡ። ከአሁን ወዲያ ንጋቱ ቀን ቀን መንገዱን እንዲጠብቅ፣ የማያውቀውን ሰው ባየ ቁጥር ጡሩምባ እንዲነፋ፣ ጡሩምባ የሰማም ሁሉ በሩን እንዲቀረቅር። ለሞት ከሆነ እንደ ድሮው ስም ይጠራል፤ ለአደጋ ከሆነ ጡሩምባው ብቻውን ይበቃል።

ሁሉም ሲስማማ በሰፈሩ በዕድሜ የገፉት እማማ ሸጊቱ ግን እጃቸውን አነሱ።

«ልጄ ገብረየስ፣ ጡሩምባ ሰው የሚያወጣ ነው እንጂ ሰው የሚያስገባ አይደለም። ዛሬ ማስገቢያ ካደረጋችሁት ነገ በምን ታወጡናላችሁ?»

አቶ ገብረየስ «መጀመሪያ በሕይወት እንኑር፣ እማማ» አሉ። ሰው አጨበጨበ። ንጋቱም አጨበጨበ። እሱ ከማንም በላይ የሚፈራው ነገር ነበረው። አንድ ልጁ ስንዱ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ፣ እንደ ወጉ፣ ወደ አባቷ ቤት መጥታ ነበር። ባሏ ለሥራ ሩቅ አገር ነው ያለው። ንጋቱ ድልድዩን ባየ ቁጥር የሚታየው የእሷ ፊት ነበር፤ በዚያ ነጋዴ ቦታ ወድቃ፣ አፏን ከፍታ።

ስለዚህ ንጋቱ ነፋ። ቆራሌው መጣ፣ ነፋ። ቤት የጠፋበት እንግዳ መጣ፣ ነፋ። አንድ ቀንማ ልጅ ሊጠይቁ ነጭ ለብሰው የመጡ ሽማግሌዎች ጡሩምባ ተነፋባቸውና መንገድ መሀል ቆመው ቀሩ። የልጅቷ አባት እንኳ እንግዶቹን እየጠበቀ ሳለ በሩን ቀረቀረ። ሽማግሌዎቹ ተመለሱ፤ ጋብቻውም ቀረ። በየግንቡ ጫፍ የተሰበረ ጠርሙስ ተተከለ፤ ሰላምታ ቀረ፤ የሰው ድምፅ ሲጠፋ መንገዱ በእርግጥም የሚያስፈራ ሆነ።

ከወንዙ ማዶ የሚኖሩት ሰዎች ግን የእንዶድ በርን አዲስ ሕግ አያውቁም። በእነሱ ሰፈር ጡሩምባ ዛሬም አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው፤ ሞት። እናም የንጋቱን ጡሩምባ ማዶ ሆነው በሰሙ ቁጥር «ኧረ ዛሬም ሰው ሞተባቸው» ይባባላሉ። ጠዋት ይሰማሉ፣ ቀትር ላይ ይሰማሉ፣ አመሻሽ ላይም ይሰማሉ። የሰፈሩን ስም ለውጠው ደም በር አሉት። ባለጋሪዎች ድልድዩን አልሻገርም አሉ። ከዚያ ወሬው ተመልሶ ወንዙን ተሻገረና የእንዶድ በር ሰዎች ጆሮ ገባ። እነሱም የራሳቸው ጡሩምባ የወለደው ወሬ መሆኑን ዘንግተው፣ «ለካ እኛ ያልሰማነው ብዙ ሰው እየሞተ ነው» ብለው ሁለተኛ መቀርቀሪያ አስገጠሙ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ነው ስንዱን ምጥ የያዛት። ገና ፀሐይ አላዘቀዘቀችም ነበር። ምጡ ጠናባት፤ እናቷ በላይነሽ የልጅቷን እግር ይዛ፣ ደሙ በዝቷልና አዋላጅ ጥራ አለችው። ንጋቱ ወንዙን ተሻግሮ ወደ አዋላጇ ሮጠ። አዋላጇ በሩን ገርበብ አድርጋ አነጋገረችው።

«ጋሽ ንጋቱ፣ ልምጣ ብል ልጆቼ አይለቁኝም። ዛሬ ጠዋት እንኳ ሰው ሞቶባችሁ የለ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ጡሩምባውን በጆሮዬ ሰምቼ?»

«የነፋሁት እኔ ነኝ። ወተት ሻጭ ነበር የመጣው፤ አላወቅሁትም።»

አዋላጇ ትንሽ አየችው። ያመነችው አይመስልም። ወደ ጤና ጣቢያው ብታመጧት ይሻላል ብላ በሩን ዘጋችው።

ጤና ጣቢያው ያለው እዚያው ማዶ ነው። ስንዱ በእግሯ መሄድ አትችልም፤ ጋሪ አይመጣም። የቀረው የእድሩ ቃሬዛ ነው፤ ቃሬዛ ደግሞ ተሸካሚ ይፈልጋል። ንጋቱ ወደ ሰፈሩ ተመልሶ፣ ዕድሜውን ሙሉ እንዳደረገው፣ ሰው ለማውጣት ጡሩምባውን አንስቶ ነፋ።

ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ መቀርቀሪያዎች ሲወረወሩ ሰማ። አልገባቸውም ብሎ አጥብቆ ነፋ። ሁለተኛው መቀርቀሪያ ተወረወረ። ያን ጊዜ የእማማ ሸጊቱ ጥያቄ ትዝ አለው። ሮጦ የአቶ ገብረየስን በር ደበደበ።

«ንጋቱ፣ ጡሩምባው እየተነፋ ውጭ ምን ትሠራለህ?» አሉ ከውስጥ።

«የነፋሁት እኔ ነኝ። ልጄ ልትሞትብኝ ነው፤ ለቃሬዛ ሰው እፈልጋለሁ። ይክፈቱልኝ።»

አቶ ገብረየስ መቀርቀሪያውን ይዘው ቆሙ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ነገር ግን ያ ፊት የሌለው ገዳይ ከንጋቱ ኋላ ቆሞ፣ ቢላዋውን አንገቱ ላይ አድርጎ እንዲህ የሚያስብለው መሰላቸው። መጨረሻ ላይ በሹክሹክታ «ማን ነው ያስገደደህ? ብቻህን ከሆንህ ሳል» አሉት። ንጋቱ ሳለ። በሩ ግን አልተከፈተም።

ሌላውንም በር መታ፣ ቀጣዩንም። ከእያንዳንዱ በር ኋላ የሰው ትንፋሽ ይሰማል፤ የሚመልስ ግን የለም። ከቤቱ በኩል የስንዱ ድምፅ እየቀጠነ መጣ።

ንጋቱ መንገዱ መሀል ቆመ። አንድ መንገድ ብቻ እንደቀረው አወቀ፤ ያም ከሁሉ የከፋው ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በሕያው ሰው ላይ፣ ያውም በገዛ ልጅ ላይ፣ እንዲህ ያለ ቃል አይወጣም። ጡሩምባውን ነፋ፤ ቀጥሎም በዚያ ሰፈሩ ሁሉ በሚያውቀው ድምፁ ጮኸ።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የንጋቱ ልጅ ስንዱ አርፋለች!»

ቤት ውስጥ በላይነሽ ይህን ስትሰማ የልጇን ጆሮ በሁለት እጇ ደፈነች።

መቀርቀሪያዎቹ ተሳቡ። አንድ በር ተከፈተ፣ ቀጥሎ ሌላው። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ጋቢ የለበሱ ወንዶች መንገዱን ሞሉት። አቶ ገብረየስ እያለቀሱ ወጡ። ንጋቱ ተሰብስበው እስኪያልቁ ጠበቀና፣ ቀስ ብሎ፣ «አልሞተችም። ለሬሳ የምትወጡትን ያህል ለነፍስ ውጡልኝ ብዬ ነው» አላቸው።

አንዳንዱ ተቆጣ፤ በሕያው ላይ ታሟርታለህ አለው። እማማ ሸጊቱ ግን የሚቆጣ መንገድ ላይ ይቆጣ፣ ቃሬዛውን አንሱ አሉ።

ስንዱን ተሸክመው ድልድዩን ሲሻገሩ ነጋዴው በወደቀበት ቦታ ላይ ሁሉም እርስ በርስ ተጠጋጉ። ማንም አልነካቸውም። ማዶ ሲደርሱ ግን ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። ሰው ሁሉ ከፊታቸው ሸሸ። እናቶች ልጆቻቸውን ጎትተው አስገቡ፤ ባለሱቆች በራቸውን ዘጉ። አቶ ገብረየስ ምን እንደመጣ ለማየት ወደ ኋላ ዞሩ። ከኋላቸው ያሉት የራሳቸው ሰዎች ብቻ ናቸው። የመጣው አደጋ እነሱ ራሳቸው መሆናቸው ገባቸው።

የጤና ጣቢያው ዘበኛም በሩን ቀርቅሮ ጠበቃቸው። አቶ ገብረየስ በሩን መቱ። ዘበኛው እነማን እንደሆኑ ጠየቀ። የእንዶድ በር ሰዎች ነን አሉ። ዘበኛው እንዲህ የሚባል ሰፈር አላውቅም አለ። ቃሬዛው ላይ ያለችው ልጅ ድምፅ ከጠፋ ቆይቷል። አቶ ገብረየስ ግንባራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው፣ ያን የሚጠሉትን ስም በገዛ አፋቸው ተናገሩ።

«የደም በር ሰዎች ነን።»

«እንግዲያውስ አልከፍትም» አለ ዘበኛው።

እንደ ንጋቱ ለመኑ። እንደ ንጋቱ በሩን ደበደቡ። ከበሩ ኋላ የዘበኛው ትንፋሽ ይሰማቸው ነበር። በመጨረሻ እማማ ሸጊቱ ወንዶቹን ሁሉ አርቀው ሰደዱና ከበላይነሽ ጋር ብቻ ቃሬዛው አጠገብ ቀሩ፤ ዘበኛው በበሩ ስንጥቅ አጮልቆ ሁለት ሴቶች ብቻ መሆናቸውን ሲያረጋግጥ ከፈተ።

ስንዱ ተረፈች። ልጇ ወንድ ነበር፤ ግን ሳያለቅስ ተወለደ። ሐኪሙ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ አለ። ንጋቱ ያን ቃል ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ አፌ ነው የበላው ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። በላይነሽ ልታነሳው ሞከረች፤ አልተነሳም።

በማግስቱ ማለዳ በእንዶድ በር ጡሩምባ ተነፋ። ሰው ሁሉ ከበሩ ኋላ ቆመ፤ እጁ መቀርቀሪያው ላይ፣ መሳብ ይሁን መግፋት ሳያውቅ። ከዚያ የንጋቱ ድምፅ መጣ። ስም ያልወጣለት የስንዱ ልጅ አርፏል አለ። ክርስትና ላልተነሳ ሕፃን ጡሩምባ የመንፋት ወግ በሰፈሩ አልነበረም፤ ሆኖም ማንም አልተቃወመም። ወጡ።

ንጋቱ ጡሩምባውን አቶ ገብረየስ እግር ሥር አኖረው።

«ነጋዴውን ማን እንደገደለው አናውቅም፤ ምናልባትም አናውቅም እንደተባለ ይቀራል» አለ። «ይህን ሕፃን ማን እንደገደለው ግን የማያውቅ እዚህ የቆመ አለ?»

አቶ ገብረየስ ጡሩምባውን አንስተው፣ አቧራውን በጋቢያቸው ጠርገው፣ መልሰው ሰጡት። ከዚያ ቀን በኋላ ጡሩምባው ሰው ለማስገባት አልተነፋም። ፍርሃቱ ግን እንዲህ በቀላሉ አልለቀቃቸውም። ዛሬም ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ወደ ኋላ ይዞራሉ፤ ዛሬም ጡሩምባ ሲሰሙ ልባቸው ይመታል። ልዩነቱ ልባቸው እየመታ መውጣታቸው ነው።

ወገኔ ሆይ፣ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህን ነው። ነፍሰ ገዳይ አንድ ሰው ገድሎ ይሄዳል፤ ሰፈርን መግደል ግን ብቻውን አይችልም፤ ረዳት ያስፈልገዋል። ረዳቱ በፍርሃት የምንቀረቅረው በር ነው፣ ያላየነውን እንዳየን አድርገን የምናወራው ወሬ ነው፣ በአንድ ቀን ደም የምናወጣው ስም ነው። አደጋን መጠንቀቅ ብልህነት ነው፤ ጎረቤትን እንደ አደጋ ማየት ግን የነፍሰ ገዳዩን ሥራ መጨረስ ነው። አንድ ሰፈር ሰላም የሚሆነው በሩ ስለጠበቀ ሳይሆን፣ አንዱ ሲጮህ የሚወጣ ሰው ስላለ ነው።

አሁን አንተም ራስህን ጠይቅ፤ አንቺም እንዲሁ። ዛሬ ማታ በሰፈራችሁ አንድ ሰው በር ቢያንኳኳና «ድረሱልኝ» ቢል፣ እጃችሁ መቀርቀሪያውን ይስባል ወይስ ይገፋል?