ስምንት ቀን የዘገየ ፋሲካ

አንድ ቄስ ነበረ። ሚስትና ሁለት ልጆች ነበሩት፤ እግሩም መንገድ የለመደ ነበረ። ስለ እሱ ሌላ ብዙ የሚነገር የለም። ደህና ሰው ነበረ።

ይህን የምነግርህ ስለ ጠየቅኸኝ ነው፣ ልጄ። «አባ፣ እኔ ለእግዚአብሔር ሥራ ስወጣ ቤቴን እግዚአብሔር አይጠብቅልኝም ወይ?» አልኸኝ። ይህን ያልጠየቀኝ ሰባኪ የለም። ሁሉም ስንቁን ከቋጠረ በኋላ ይመጣል፤ ሁሉም «ይጠብቅልሃል፣ ሂድ» እንድለው ይፈልጋል። እኔም ስል ኖሬአለሁ። አሁን ግን አርጅቻለሁ፤ ሰውን ደስ የሚያሰኝ መልስ መስጠት ራሱ ይደክመኛል። ቁጭ በልና ስማ።

ቄሱ የሚኖረው ደጋ ነው። ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ቆላው ውስጥ ክርስትና አዲስ የሆነላቸው ሰዎች ነበሩ። ካህን የላቸውም። በሣር የከደኗት አንዲት ጎጆ አለቻቸው፤ እዚያ ተሰብስበው ይጠብቁታል። በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ በሶውን ይዞ ይወርድላቸውና ጾሙን ሙሉ ያስተምራቸዋል። መንገዱ ለብርቱ ሰው የሁለት ቀን ነው።

እንዲህ ሲል ሁለት ፋሲካ ከቤቱ ሳይውል አለፈ። በሦስተኛው ዓመት ሊነሣ ሲል ልጆቹ ነጠላውን ይዘው አንለቅም አሉት። ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። መጾም የምትጀምረው በዚያው ዓመት ስለሆነ ከትልቅ ሰው ተቆጠርኩ ብላ ደስ ብሏታል።

«አባባ፣ ዘንድሮም ሊቀሩብን ነው?» አለችው።

«አልቀርም!» አላት። «እንዲያውም እኔ ሳልመጣ እንዳትገድፉ። የመጀመሪያዋን ጉርሻ በእጄ ነው የማጎርስሽ።» ከዚያ መስቀሉን ከፍ አድርጎ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ እንደ ጨዋታ «ገዝቻችኋለሁ!» አለ። ልጆቹ ሳቁ። ሚስቱ አልሳቀችም።

አንተም ቄስ ነህ፤ ግዝት ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ካህን መስቀል ይዞ የከለከለውን፣ ካህን ካልፈታው በቀር ምእመን አይደፍረውም። እኛ ግን መስቀሉ ከእጃችን ስለማይለይ ክብደቱን እንረሳዋለን። እነሱ አይረሱትም።

ወረደ። ጾሙም አለቀ። በሰሙነ ሕማማት፣ ረቡዕ ቀን፣ ጓዙን ሲሸክፍ ቆለኞቹ መጥተው ደጁ ላይ ተቀመጡ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ የተጠመቁት በዚያው ዓመት ነበር። «አባታችን፣ ይህ የመጀመሪያ ፋሲካችን ነው። እርስዎ ከሄዱ ‹ተነሣ› ብሎ የሚነግረን ማን ነው?» አሉት።

ቀረ። በመቅረቱ አልፈርድበትም፤ እኔም ብሆን እቀር ነበር። በቀዳም ስዑር ቄጤማ አደላቸው። በፋሲካ ድምፁ እስኪዘጋ «ክርስቶስ ተነሣ» አለ። ፍየል አረዱ፤ ባርኮ በላ። በማግሥቱ አንዱ ቤት ጠራው፤ በማግሥቱ ሌላው። አንዱ ቤቴን ጠበል ይርጩልኝ ይላል፤ አንዷ ልጄን ይባርኩልኝ ትላለች። የደስታ ሰሞን ነው፤ እንቢ አይባልም። ራሱን ደግሞ አልገዘተም ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ወደ ደጋ የሚወጣ አንድ የጨው ነጋዴ አገኘው። «አባ፣ ለቤት የሚላክ ነገር አለ?» አለው።

«ደህና ነኝ በላቸው። ሰሞኑን እመጣለሁ» አለ ቄሱ።

አየህ፣ አንድ ቃል ቢጨምር ኖሮ ይበቃ ነበር። «ብሉ» ቢል። ትዝ አላለውም። ጨዋታ ነበራ!

ደጋው ላይ ግን ጨዋታ አልነበረም። ልጅቱን በሕማማት ንዳድ ይዟት ነበር። ፋሲካ ሲደርስ ትኩሳቱ ቢለቃትም ሰውነቷ አልቆ፣ ከመደብ መነሣት አቅቷታል። የፋሲካ ዕለት ጎረቤታቸው ትኩስ ወተት በቅል ይዛ ገባች። ልጅቱ ወተቱን አየችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «አባባ ገዝተውናል» አለች። ጎረቤቲቱ በእናትየው ላይ ተቆጣች።

«ኧረ ምነው ሴትዮ፣ ልጅቱን ልትገድያት ነው? ለታመመ ሰው በሁዳዴም ይፈቀዳል! ከደብሩ ቄሶች አንዱ ዘንድ ሂጂና ይፍቱሽ እንጂ!»

«የባሌን ቃል በሌላ ቄስ አስፈትቼ የአገር መሳቂያ ላድርገው? ነገ ይመጣል» አለች እናትየው።

ነገም አልመጣም። እሷ የቄስ ልጅ፣ የቄስ ሚስት ናት። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን መጾም እንደማይገባ ታውቃለች። ግዝት መድፈር እንደማይገባም ታውቃለች። ከሁለቱ ግዝቱ ከበዳት። ሐሙስ የጨው ነጋዴው ደርሶ «ደህና ናቸው፤ ሰሞኑን እመጣለሁ ብለዋል» ሲላት ደግሞ፣ ስምንት ሳምንት የጠበቀ ሰው ሁለት ቀን ቢጨምር ምን አለበት አለች። ጎረቤቱ ሁሉ ሥጋ ሲጠብስ ሽታው እየገባ፣ እዚያ ቤት ግን ንፍሮ ይበላል። ትንሹ ልጅ ያለቅሳል። ትልቋ አታለቅስም፤ ደጅ ደጁን ታያለች።

እሑድ፣ በዳግም ትንሣኤ፣ ከሰዓት በኋላ ቄሱ ደረሰ። ደስ ብሎታል። ቆለኞቹ ሲሸኙት ራሱን ቅቤ ቀብተውት ነበርና፣ ቅቤው በፀሐይ ቀልጦ ከጥምጣሙ ሥር እስከ አንገቱ ወርዷል።

«እንኳን አደረሳችሁ! ክርስቶስ ተነሣ!» እያለ ገባ።

ሚስቱ ተነሥታ መስቀሉን ተሳለመች። ለበዓሉ የተገዛችው ዶሮ እግሯ እንደታሰረ ምሰሶው ሥር ተኝታለች። ትንሹ ልጅ ጥግ ተቀምጦ በአባቱ አንገት ላይ የወረደውን ቅቤ አይቶ ምራቁን ዋጠ።

«ምነው፣ በዓል የለም እንዴ እዚህ ቤት?» አለ።

«አንቱ ገዝተውን የለ?» አለች ሚስቱ።

መጀመሪያ አልገባውም። ቆሞ አሰበ፤ ከዚያ ገባው።

«ለአገሩ ሁሉ ተነሥቷል አሉ» አለች ሚስቱ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ለመቆጣትም ጉልበት አልነበራትም። «እኛ ቤት ግን ዛሬም ስቅለት ነው። ለመሆኑ አንቱ መቼ ገደፉ?»

ቄሱ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ። ጣቶቹ በቅቤ ራሱ። ያን ቅቤ የሚጠርግበት ነገር ፈለገና አጣ።

መስቀሉን አንሥቶ «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» አላቸው። ከዚያ መደቡ አጠገብ ተንበረከከና፣ ስንቱ ሰው እግሩ ሥር ወድቆ የሚለውን ቃል እሱ ለሚስቱና ለልጆቹ አለው፦ «እኔንም ፍቱኝ።» ሚስቱ ወተት ልታሞቅ ወደ ጓዳ ገባች።

ወተቱን እሱ ራሱ ይዞ ለልጅቱ አቀረበላት። እሷ ግን ከመጠጣቷ በፊት አየችው። «አባባ፣ ማዶ ተነሥቷል?» አለችው።

«ተነሥቷል፣ ልጄ።»

«እኛን እየጠበቀ መስሎኝ» አለች። ሦስት ጊዜ ተጎነጨችና ደከማት።

ልጅቱ ዳነች፤ አትጨነቅ። አድጋ፣ አግብታ፣ ወልዳለች። ነገር ግን እስከ ዛሬ ድረስ በፋሲካ ቤተሰቡ ሁሉ ሲጎርስ እሷ ጉርሻዋን ይዛ መጀመሪያ ደጁን ታያለች። ባሏ ምን ሆነሽ ነው ሲላት «ልማድ ነው» ትለዋለች። አባትየውም እስኪሞት ድረስ መንገዱን አልተወም፤ ቆለኞቹ ምን በደሉ? ከዚያ ወዲያ ግን መስቀል ይዞ አልቀለደም።

እንግዲህ ልጄ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቴን እግዚአብሔር ይጠብቅልኛል ወይ ላልኸኝ፣ አዎን ይጠብቅልሃል። የዚያንም ቄስ ቤት ጠብቆለታል፤ ልጅቱን ያተረፋት ማን ሆነና! በዓሉን ከቤቱ ደጅ ያቆመው ግን እግዚአብሔር አልነበረም። እኛ በፍቅር ብለን «ጠብቁኝ» እንላለን፤ እነሱም በፍቅር ይጠብቁናል፤ ከዚያ እኛ የሰው ቤት በልተን ጠግበን እንረሳዋለን። ሚስትህን «አንቺን እግዚአብሔር ይጠብቅሽ» ብለህ፣ እግዚአብሔር የሚሰጣትን ደስታ ሁሉ አንተ እስክትመለስ አስረኸው አትሂድ። የምትመጣ ከሆነ ና። የማትመጣ ከሆነ «ደወሉ ሲደወል ብሉ፣ ደስ ይበላችሁ» ብለህ ውጣ፤ ያለ አንተም ፋሲካ ፋሲካ ነው። ያለ እኔ ገደፉ ብለህ ቅር ይበልህ፤ ቅር ማለቱ ለአንተ ደግ ነው። የተነሣው እሱ ነው እንጂ አንተ አይደለህም።

ሌላ የምለው የለኝም፤ ደክሞኛል። ዛሬ ቅበላ ነው፤ ነገ ጾም ይገባል። አንተ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ከኔ ጋር ስለ ቤትህ ስታወራ ይኸው ፀሐይ አዘቀዘቀች። እስቲ ንገረኝ፤ ሚስትህና ልጆችህ ምሳ በልተዋል? ወይስ አንተን እየጠበቁ ነው?

ደጁን አየህ። እንግዲያው ተነሥ፣ ሩጥ።