የአዝዋሪ መሻገሪያ ደወል

በወይራ አምባ ኪዳነ ምሕረት ቅጽር ውስጥ፣ ከምሥራቁ በር ወረድ ብሎ፣ በሁለት ጥዶች መካከል በጠፍር የተንጠለጠለ የድንጋይ ደወል አለ። ለቅዳሴና ለማኅሌት የሚደወለው ሌላ ነው፤ ይኼኛው ክረምት ገብቶ ከሥር ያለው የአዝዋሪ ወንዝ ሲሞላ፣ ያውም የሚሻገር ሰው ሲኖር ብቻ ይደወላል። የምትደውለውም ሴት ናት። ሌላ አገር ቢሆን «ምን ጉድ ነው» ያሰኝ ነበር፤ እዚህ ግን ወንድ ቢነካው ነው ጉድ የሚባለው። የተሻገረ ሰው ደግሞ ማንም ይሁን ማን፣ ወደሚሄድበት ከመሄዱ፣ ልብሱን እንኳ ከመጭመቁ በፊት ዳገቱን ወጥቶ ደዋይቱ ፊት ይቆምና «ደርሻለሁ» ይላታል፤ እሷም «ተመስገን» ትለዋለች። አንድ የበግ ነጋዴ ይህን ሳያደርግ ቢያልፍ ሰዉ ገበያው ድረስ ተከትሎ እንደመለሰው፣ እሱም እየተሳደበ ዳገቱን እንደወጣ ይወራል። ቢሳደብም ወጣ፤ ዋናው እሱ ነው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ እኔ ከአባቶች የሰማሁትን እናገራለሁ። የማዶ ሰዎች በሌላ መንገድ ያወሩታል፤ የማዶ ሰው ደግሞ የማያወራው የለም።

እንደሚነገረው በዚያ ዘመን ድልድይ የሚባል ነገር አልነበረም። በጋ ላይ ፍየል ረግጦት የሚያልፈው አዝዋሪ፣ ሐምሌ ሲብት በሬ ከነቀንበሩ የሚወስድ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያኑ ወዲህ ነው፣ የአጥቢያው ግማሽ ሰው ወዲያ። ቄሱ ቄስ ሣህሉ ይባሉ ነበር፤ ድምፃቸው ያማረ፣ እጃቸው ለድኻ የማይታጠፍ፣ ደግ ሰው። አንድ ነገር ብቻ ነበረባቸው፦ ውኃ ይፈራሉ። ልጅ ሳሉ አባታቸውን አዝዋሪ ሲወስድባቸው ዳር ቆመው አይተዋልና፣ ክረምት በገባ ቁጥር የወንዙ ድምፅ ሲሰማ እንኳ በራቸውን ይዘጉ ነበር ይባላል። ማዶ የታመመ ቢኖር «ትንሽ ይጉደል» ነው መልሳቸው። ሰዉም ምን አፉ ዝም ይላል፣ «የበጋ ቄስ» የሚል ስም አወጣላቸው። ይሰማሉ፤ አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ።

ማዶ ባንችአምላክ የምትባል ሴት ነበረች፤ ባሏ ደምሌ ይባላል። ብዙ ዘመን መኻን ተብላ ስትታማ ከቆየች በኋላ በአንድ ክረምት ወንድ ልጅ ወለደች፤ ልጁም ክርስትና ሳይነሳ ታመመ። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ነው የሚጠመቀው፣ ሞት ካሰጋ ግን ቀን አይጠበቅም፤ ስለዚህ ከማዶ ሆነው ቄሱን ተጣሩ። ቄስ ሣህሉ ወርደው ወንዙ ዳር ደረሱ፣ ውኃውን አዩት፣ «ትንሽ ይጉደልና እመጣለሁ» ብለው ተመለሱ። ውኃው ሳይጎድል ልጁ ሞተ። ያልተጠመቀ ነውና ፍትሐት የለው፣ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ መቃብር የለው፤ አባቱ በጓሮ ከግራር ሥር ቆፍሮ ቀበረው።

መስቀል አልፎ ወንዙ ሲጎድል ባንችአምላክ ተሻግራ መጣች። ሰዉ ሁሉ ልትራገም ነው ብሎ ነበር፤ እሷ ግን ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ፊት ቆማ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «አባ፣ ልጄ ስም የለውም። የሙታን ስም ሲጠራ እኔ ማን ልበል? በመጨረሻውስ ቀን ጌታ ሲቀሰቅሰው ምን ብሎ ይጠራዋል?» አለቻቸው። ይቺን ብቻ ብላ መልስ ሳትጠብቅ ሄደች። ቄስ ሣህሉን ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አላቸው ይባላል፤ ሚስታቸው የሽመቤት ስታባብላቸው ከርማለች፣ ግን ለእንዲህ ያለ ነገር ማባበል ምን ያደርጋል?

በተከታዩ ክረምት ባንችአምላክ እንደገና ወለደች፤ እንደገና ወንድ። እንደገናም ታመመ። በዚህ ጊዜ ደምሌ ከማዶ ሆኖ አልተጣራም፤ የተነፋ ስልቻ ታቅፎ ወንዙን ዋኘና ጭቃና ውኃ እየተንጠባጠበ የቄሱ ደጃፍ ላይ ተንበረከከ። «አባ፣ ይኼኛው እንኳ ስም ይኑረው» ነው ያለው።

ቄስ ሣህሉ መስቀላቸውን አነሱ፤ መልሰው አስቀመጡት። «እፈራለሁ፣ የሽመቤት» አሉ። እሷም፣ «ማን አይፈሩም አለ? ፈርተው ይሂዱ እንጂ። ጌታችንስ በዚያች ሌሊት ላቡ እንደ ደም ሲንጠባጠብ አልነበር? ተነሥቶ ግን ሄደ» አለቻቸው። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገብተው ከመጋረጃው ፊት ወደቁ፤ ቆመው የሰሙ እንደሚሉት ጸሎታቸው አጭር ነበረች፦ «ፍርሃቴን አርቅልኝ ብዬ ስለምንህ ዕድሜዬ አለቀ። አሁን እኔን ከነፍርሃቴ ውሰደኝ።»

የሽመቤትም ከወንዙ ጩኸት በላይ የሚሰማቸው ነገር እንዲኖር ብላ የድንጋዩን ደወል ልትደውል ተስማማች። ወንዶቹ ሁሉ ለሚዋኙት የሚወረወር ጠፍር ሊይዙ ወርደዋልና ከእሷ በቀር ሰው አልነበረም። ከደወሉ ሥር ወንዙ አይታይም፣ ዛፉ ይጋርደዋል፤ ስለዚህ ቄሱ ሲደርሱ ሰው ሮጦ ሊነግራት ተቃጠሩ። ደወለች። ቄሱ ስልቻቸውን ታቅፈው፣ ደምሌ አጠገባቸው፣ ክርስቶስ ክርስቶስ እያሉ ገቡ። ውኃው ከጭንቅላታቸው በላይ ሲያልፍ እንኳ ያ ድንጋይ ይሰማቸው ነበር አሉ። ደረሱ። አንዱ ጎረምሳ ዳገቱን ሮጦ ሲነግራት የሽመቤት መዶሻውን ጥላ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ማዶም ቄስ ሣህሉ በቤት ውስጥ ውኃ ባርከው ልጁን አጠመቁ፤ ወልደ ትንሣኤ አሉት። ባንችአምላክ ስሙን ደጋግማ እየጠራች ታጠባው ነበር። ከዚያ ቀና ብላ ግራሩን አየችና ስለ ፊተኛው ጠየቀቻቸው። ቄሱ ከግራሩ ሥር ወርደው በጉልበታቸው ቆሙ፤ «እግዚአብሔር ያለ እኔም ስሙን ያውቀዋል። ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሏት። ይቅር አለቻቸው። ማታውን ልጁ በእቅፏ አረፈ።

እንግዲህ የተጠመቀ ነውና ግቢ ውስጥ ሊቀበር ይገባዋል፤ ግቢው ደግሞ ከወንዙ ወዲህ ነው። የማዶ ሽማግሌዎች ውኃው እስኪጎድል እንዲቆዩ መከሩ። «እስኪጎድል ማለት ይበቃኛል» አሉ ቄስ ሣህሉ። በማግስቱ ጥምጥማቸውን ፈትተው ልጁን በጀርባቸው አሰሩና ከደምሌ ጋር ወደ ወንዙ ወረዱ። ከወዲህ ያሉትም አይተው ወደ የሽመቤት ጮኹላት፤ ደወሉ ጀመረ። ያዩ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ፦ በዚያ ጠዋት ቄሱ ላይ ፍርሃት አልታየም። ሰው ቤቱ እንደሚገባ ነው ውኃው ውስጥ የገቡት፤ ይዘምሩም ነበር።

መሐል ላይ ሲደርሱ ከላይ የተነቀለ ግንድ መጣ። ስልቻቸውን ቀደደው፣ ጎናቸውንም መታቸው። ቄስ ሣህሉ በአንድ እጃቸው ጥምጥሙን ፈትተው ልጁን ለደምሌ አቀበሉትና «ሂድ፣ አትመለስ» አሉት። እሱ ሲደርስ እሳቸው አልነበሩም።

አሁን የሚያሳፍረውን ልናገር። ከላይ ደወሉ ይደወላል፤ ከታች ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ይተያያል። ትናንት ቄሱን ፈሪ ይሉ የነበሩት፣ አንዳቸውም ዳገቱን ወጥተው ለዚያች ሴት ለመንገር ድፍረት አጡ። አንዱ ሌላውን «አንተ ሂድ» ይለዋል፤ ያም ወደ ወንዙ ይዞራል። ቀትር ሆነ፣ ፀሐይ አዘቀዘቀች። የሽመቤት ባሏ ገና ውኃ ውስጥ ነው፣ ድምፁ ከተቋረጠ ይደነግጣል ብላ ትደውላለች። እጇ ተልጦ የመዶሻው እጀታ በደም ረጥቦ ነበር ይባላል።

በመጨረሻ የወጣው ደምሌ ነው፤ ሬሳውን በክንዱ ይዞ። ፊቷ ቆመ። እሷ ናት የጠየቀችው።

«ሕፃኑ ደረሰ?»

«ደረሰ።»

«እሳቸውስ?»

ደምሌ መሬት መሬት አየ። የሽመቤት መዶሻውን ቀስ ብላ አስቀመጠችና ልጁን ተቀበለችው፤ «በሉ እንቅበረው፤ ለዚህ ነው የሄዱት» አለች። ወልደ ትንሣኤ ከጎረቤት አጥቢያ በመጣ ቄስ ፍትሐት ተደርጎለት፣ በስሙ ተጠርቶ፣ በኪዳነ ምሕረት ግቢ ተቀበረ። የቄስ ሣህሉን ሬሳ ግን አዝዋሪ አልመለሰውም፤ በየመንደሩ ቢፈለግ፣ ሰው ወርዶ ዳር ለዳር ቢያስስ አልተገኘም። ሴትየዋ የምታለቅስበት መቃብር እንኳ አላገኘችም።

ከቀብሩ በኋላ ለተሰበሰበው ሰው፣ «ውኃው ስለወሰዳቸው አልወቅሳችሁም። እኔን ግን ሳትነግሩኝ አስደወላችሁኝ» አለች። ሽማግሌዎቹ እዚያው ተማማሉ፤ ከዚያ ወዲያ የተሻገረ ሁሉ ከማንም በፊት ለደዋይቱ ሊነግር፣ ደወሉም በሴት እጅ እንዲሆን። መስቀል ሲያልፍ ባንችአምላክ ተሻግራ መጣችና ከየሽመቤት ጋር ተቀመጠች፤ ክረምት በገባ ቁጥር ሁለቱ እየተፈራረቁ ሲደውሉ አረጁ ይባላል።

ዛሬ ድልድይ ተሠርቷል፤ ወንዙ ሞልቶም መኪና ያልፍበታል። ደወሉ ግን አልቀረም፤ በድልድዩ የተሻገረውም ወጥቶ ይነግራል። ባለፈው ክረምት ወጥቼ አይቻለሁ፤ ደዋይቱ ወይዘሮ ስንዱ የምትባል ጠና ያለች ሴት ናት። የመጨረሻው ሰው መጥቶ «ደርሻለሁ» ካላት በኋላ መዶሻውን ታስቀምጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ ቆም ብላ አንድ ጊዜ ጨምራ መታችው። ሁሉም ከደረሱ ይቺ ለማን ናት ብዬ ጠየቅኋት።

«አንድ ሰው ገና መጥቶ አልነገረንም» አለችኝ።