የአንጓች ጥጥ

ድሮ ነው ልጆቼ፣ ድሮ ራሱ ገና ዳዴ ሲል። በአንዲት ቆላ መንደር አንጓች የምትባል ፈታይ ነበረች። ጥጥ ትፈትላለች፣ አንዲት ልጇን ዘርፌን ታሳድጋለች። በቃ፣ ሌላ ምንም የላት።

ከንፈሯ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ነበረባት። የእናቷም ከንፈር እንደዚያው ነበር፤ የልጇም እንደዚያው። ጎረቤት ታዲያ፣ «አንጓች፣ ዛሬስ የማንን በርበሬ ቅመሽ መጣሽ?» ይላታል። እሷም ትስቃለች። ምን ታድርግ?

ደግሞ ይነስራታል። ሰርግ ሄደች፣ ነሰራት። ደሟ የሙሽራዋ ቀሚስ ላይ ጠብ አለ። የሙሽራዋ እናት እትዬ ብርቄ፣ «ውጪልኝ፣ ገደ ቢስ!» አለቻት። አንጓች አፍንጫዋን በጥጥ ወትፋ ወጣች።

ቤተ ክርስቲያን ሄደች፣ ነሰራት። ደም የሚፈሰው ሰው ወደ ውስጥ አይዘልቅም፣ ሥርዓት ነው። ደጅ ቆማ አስቀደሰች። በሌላው ሰንበትም ደጅ፤ በሌላውም ደጅ። አንድ ሰው እንኳ ወጥቶ አብሯት አልቆመም። እኔን የሚቆጨኝ ይኼ ነው፤ ሥርዓቱ መቼ አብራችኋት አትቁሙ አለ?

ከዚያ የእትዬ ብርቄ የአረም ደቦ ደረሰ። አንጓች ማሳው መሀል ቆመች። «ራሴን! ውስጡ ውሉ የጠፋ ፈትል ያለ ይመስለኛል። እናቴም እንዲህ ብላ ነው የሞተችው፤ ልተኛ» አለች።

«አዬ! ለአረም ሲሆን ራስሽን፣ ጠላ ሲቀዳ ደህና!» አለች እትዬ ብርቄ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አንጓችም፣ አይ አንጓች፣ እንደ ልማዷ አብራ ሳቀች። አረም ልትነቅል ጎንበስ አለች። ቀና አላለችም።

በቀብሯ ለት ዘርፌን ነሰራት። እናቷ የምትቆምበት ደጅ ላይ ብቻዋን ቆመች። ያኔ እትዬ ብርቄ ከለቅሶው ቤት ከአንጓች እንቅብ ቦጭቃ የመጣችውን ጥጥ ይዛላት ከውስጥ ወጣች፣ አጠገቧም ቆመች። ሌላውም ተከትሎ ወጣ። ለእናቲቱ ግን ምን ዋጋ አለው?

ከዚያ ወዲያ ዘርፌ «ራሴን» ካለች ደቦው ይቆማል፤ ጥላ ሥር ያስተኟታል። ሸብታ ሞተች።

አሁንማ ሐኪሞቹ፣ የከንፈሩ ነጠብጣብም፣ ነስሩም፣ ራስ ምታቱም አንድ በሽታ ነው፤ የጭንቅላት ደም ሥር እየተወሳሰበ ነው፣ በዘር ይወርዳል ይላሉ። አንጓች በፈትል ቋንቋ ነግራን ነበር እኮ።

ለዚህ ነው የዚያ አገር ሴት እስከ ዛሬ በነጠላዋ ጫፍ ጥጥ የምትቋጥረው። ለሚነስረው ትሰጣለች፤ ደጅ ከቆመ አብራው ትቆማለች። «የአንጓች ነው» ትላለች።

እኔ ፈትሌን ጨረስኩ፤ ጥጡን እናንተ ያዙ።