የለመኑት ዝናብ

አንድ ጊዜ ዝናብ የራቀው ሸለቆ ነበር። ሁለት ክረምት ደመናው መጥቶ ሳያወርድ አለፈ። ወንዙ ደርቆ አሸዋ ብቻ ቀረ። ያን ጊዜ ፍየሎችና ሚዳቋዎች፣ ጥንቸሎችም ሳይቀሩ፣ አሸዋውን በሰኮናቸውና በጥፍራቸው እየጫሩ ጉድጓድ ቆፈሩ። ሰኮናቸው ደማ። ከብዙ ድካም በኋላ ውሃ ወጣ።

ውሃው በወጣ ማግስት ንጉሡ አንበሳ መጣ። ጠጣ። አፉን ላሰና «ይህ ጉድጓድ ጠባቂ ያስፈልገዋል» አለ። ጅብ የግራር እሾህ እየጎተተ ዙሪያውን አጠረው፤ አጥብቆ፣ ደራርቦ፣ አንዲት ጠባብ በር ብቻ ትቶ። ዳኛው ቀበሮ በሯ ላይ ተቀመጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቆፈሩት ደጅ ጠኚ ሆኑ።

አንዲት ፍየል ግልገሏን ይዛ በበሩ ስትለምን ዋለች። ወደ ማምሻው ላይ ግልገሏን ጅብ በላባት። ብትከስ ቀበሮ ፈረደ፦ «ግልገሉ ጅብ በሚሄድበት መንገድ ላይ ቆሞ ተገኝቷል። ጥፋቱ የግልገሉ ነው።» ከዚህ ፍርድ ወዲያ ደካሞቹ ሁሉ ወደ ጭንጫው ኮረብታ ወጡ። ጠዋት ጠዋት ከድንጋይ ላይ ጤዛ እየላሱ ኖሩ።

ዝናቡ እንደራቀ ነው። አንበሳ ምሕላ አወጀ። «ሁሉም ይጹም፣ ሁሉም አመድ ይነስንስ፣ ሁሉም ይጩኽ» አለ። የአሸዋው ሜዳ በእግዚኦታ ተናወጠ። ከሁሉም በላይ የጮኸው ጅብ ነው፤ ለምን እንደሚጮኹ ግን አልገባውም ነበር። ቀበሮ አመዱን ነስንሶ ዓይኑን በምራቁ አረጠበ። አንበሳ አጥሩ ውስጥ፣ ውሃው ዳር ተቀምጦ ጾሙ ሲጠናበት ጎንበስ እያለ ይጎነጭ ነበር።

እመት አህያ ከኮረብታው ላይ ሆና ይህን ታያለች። ዕድሜዋን ሙሉ ሸክም ተሸክማለች። በዚያን ቀን ግን ጀርባዋ ላይ ምንም ሳይኖር ጉልበቷ ተብረከረከ። የፈጣሪ ቃል ተጫነባት። እንደ ሌላው ሸክም ደግሞ ጎንን ነቅንቀው የሚጥሉት አልነበረም። ውርንጭላዋን አስከትላ ቁልቁል ወረደችና ምሕላው መካከል ገባች።

«ዝም በሉ!» አለች።

ዝም አሉ። አህያ እንዲህ ስትናገር ማን ሰምቶ ያውቃል!

«ፈጣሪ ልኮኝ ነው። ‹ጩኸታችሁ ሰለቸኝ› ይላችኋል። ‹ከእናንተ እግዚኦታ ይልቅ ከአጥሩ ውጭ የቆሙት የጥማቸው ዝምታ ይሰማኛል። ጾማችሁን ለራሳችሁ ያዙት። አጥሩን አፍርሱ፤ የወሰዳችሁትን መልሱ፤ ያን ጊዜ እኔም እመለሳለሁ› ይላችኋል።»

«ዝናቡስ?» አለ አንበሳ።

«ይመጣል፣ ጌታዬ።»

እልል ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ አህያ ራሷን ነቀነቀች። «እልል አትበሉ። ካልተመለሳችሁ የሚፈርድባችሁ ያው የምትለምኑት ዝናብ ነው። ረስታችሁት ነው እንጂ የተቀመጣችሁት ወንዝ ውስጥ ነው።»

ደንግጠው ተያዩ። አንዳንዱ እግሩ ሥር ያለውን አሸዋ አየ። ይህን ጊዜ ቀበሮ ከት ብሎ ሳቀ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ወሬው ከማን እንደመጣ ይመልከቱልኝ! ‹እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል› ያለችው የማን ዘር ናት? እኔም እኮ ሕልም ታይቶኛል። ሰላም ነው፤ ጥጋብ ነው።»

«ሰላም ነው! ጥጋብ ነው!» አሉ ሁሉም፣ ልባቸው መለስ ሲልላቸው።

አንበሳ ጎፈሩን አራገፈ። «እንግዲያው እንፈትናት። ልጇ በጅብ ዋሻ ይቆይ። ምሕላው እስኪያበቃ ያለችው ካልደረሰ ጅብ ይብላው።»

«የንጉሥ ትእዛዝ ነው! እኔ ምን አገባኝ!» አለ ጅብ፣ ምራቁ ደረቱ ድረስ እየወረደ።

አህያ በቆመችበት ደርቃ ቀረች። የጅብ ዋሻ ያለው ከአጥሩ አጠገብ፣ ወንዙ ውስጥ ነው። ቃሏ እውነት ከሆነ ልጇን ውሃ ይወስደዋል። ሐሰት ከሆነ ጅብ ይበላዋል። ውርንጭላው ወደ ኋላ እያየ ተነዳ።

«እማ፣ ትመጪያለሽ አይደል?» አላት።

ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። እየተከተለችው ሄደች።

ምሕላው ወደ ማለቂያው ተቃረበ። አህያ ከዋሻው ደጅ አልተለየችም። ጅብ በሩ ላይ ተጋድሞ አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ ውርንጭላውን ያያል። በዚህ መካከል ቀበሮ ጅራቱን እያወዛወዘ መጣ።

«እመት አህያ፣ እኔም እናት የወለደችኝ ነኝ፤ አንጀቴን በላሽው። ነገሩ እኮ ቀላል ነው። አደባባይ ወጥተሽ ‹ዋሽቻለሁ› በይ። አንዲት ቃል! ልጅሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ።»

«ምን ይጠቅምሃል፣ ብላታ ቀበሮ?»

«አንዳንዱ እንቅልፍ አጥቷል። ከምሕላው መካከል ብድግ እያለ ወደ ተራራው ያያል። ‹አጥሩን ብናነሣውስ?› የሚልም አልጠፋ። እንዲህ ያለ ነገር ሳይስፋፋ ነው።»

አህያ ወደ ዋሻው አየች። ሁለት ረጃጅም ጆሮዎች በጨለማው ውስጥ ይንቀሳቀሳሉ። አፏን ከፈተች። ልክ ያን ጊዜ የአንበሳ ሁለት ደቦሎች እየተሯሯጡ መጡ። አንደኛው ጭራዋ ላይ ተንጠለጠለና አሸዋው ላይ ተዘርሮ ሳቀ። አህያ አፏን መልሳ ዘጋች።

«ምነው?» አለ ቀበሮ።

«ዋሸሁ ብል እነዚህ እዚሁ አሸዋ ላይ ይተኛሉ።» ደቦሎቹን አየች። «ልጄን ለማውጣት ብዬ የሌላውን ልጅ… አልችልም። ሂድልኝ፣ በፈጠረህ። ሁለተኛ ከጠየቅኸኝ እሺ እንዳልልህ እፈራለሁ።»

«እንግዲህ ከጅብ ጋር ተነጋገሪ» ብሎ ቀበሮ ሄደ።

ጅብ ግን መጋደሙን ትቶ ቁጭ ብሎ ነበር። አፉ እንደተከፈተ ቀርቷል።

«እመት አህያ።»

«አቤት፣ አያ ጅቦ።»

«ቆይ እስቲ፣ ላስብ። ማሰብ አልለመድኩም፣ አታጣድፊኝ። ‹ዋሸሁ› ብትዪ ልጅሽን ታገኚ ነበር?»

«አገኝ ነበር።»

«እና አላልሽም?»

«አላልኩም።»

የጅብ የአንገቱ ፀጉር ቀጥ ብሎ ቆመ። «ጉድ ፈላ! ልጇን አሲዛ የምትዋሽ እናት የት አለች! እንግዲያ ውሃው እውነት ነዋ! ወይኔ! ምንድን ነው የሚደረገው? ልጩኽ እንዴ?»

«ጩኸቱ በዝቷል። ያንተ ያልሆነውን መልስ።»

«የኔ ያልሆነውን…» ጅብ ዋሻውን ዞር ብሎ አየ። «ታዲያ የኔ የሆነው የትኛው ነው?»

ውርንጭላውን እየገፋ አወጣው። አንድ ጊዜ አሸተተውና ዓይኑን ጨፈነ። «ቶሎ ውሰጂው፣ ልቤ ሳይለወጥ።»

«ንጉሡስ ምን ይልሃል?»

«ንጉሡ ዋና ያውቃል?» አለ ጅብ፤ የምሩን ነበር። ከዋሻው ያለውን አጥንት በአፉ ጠርቅሞ ከኋላቸው ወደ ኮረብታው ወጣ።

ኮረብታው ላይ ያሉት ሲያዩት ተበተኑ። «ጅብ! ጅብ መጣ!»

«አትሽሹ፤ ቁርበት አንጥፉልኝ ልል አልመጣሁም» አለ። አጥንቱን መሬት ላይ አፈሰሰው። «መልስ ተብያለሁ፣ ይኸው። ሥጋው ግን ሆዴ ገብቷል። እሱን እንዴት እንደምመልሰው አላወቅሁም።»

ማንም አልሳቀም። ያቺ ፍየል ቀረበች። ከአጥንቱ መካከል አንዲት ትንሽ፣ ገና ያልጠናች እግር አየች። አሸተተቻት። ከዚያ ቀና ብላ ጅብን አየችው።

«ይሄ የኔ ነው» አለች።

ጅብ አንገቱን ሰበረ። አንድ ነገር ውስጡን ወጋው። ረሃብ መሰለው። ረሃብ አልነበረም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያዋ ጠብታ የአንበሳ አፍንጫ ላይ አረፈች።

«ተሰማን! ምሕላችን ተሰማ!» ብሎ ቀበሮ ዘለለ። «ያቺ አህያ የታለች? ሰላም ነው አላልኳችሁም?»

ሸለቆው በእልልታ ቀለጠ። ሁሉም እየተጋፉ ወደ አጥሩ ገቡና ውሃው ዳር ጨፈሩ። አንበሳ በጭፈራው መካከል ወደ ኮረብታው ቀና ብሎ አየ። «በሩን ዝጉት። እነዚያ ወርደው እንዳይሻሙን» አለ። ቀበሮ እሾሁን ጎትቶ በሩን ደፈነው።

አህያ ከላይ ሆና ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። «ውጡ! አሁንም አልመሸም፣ ውጡ!»

«ሐፍረቷ ነው የሚያስጮኻት!» አለ ቀበሮ። ሳቁ።

ሳቁ መሐል ላይ ተቆረጠ። ከተራራው በኩል ድምፅ ይመጣል። ነጎድጓድ እንዳይሉት ነጎድጓድ ያባራል፤ ይህ አያባራም። አሸዋው ከእግራቸው ሥር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ዛፍ ነቅሎ፣ ቋጥኝ እያንከባለለ፣ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቆሞ መጣ።

ወደ በሩ ሮጡ። በሩ ተደፍኗል። ደካሞቹን ያላስገባው አጥር እነሱን አላስወጣ አለ። አንበሳ ዘለለ፤ ጎፈሩ ግራሩ ላይ ተጠመጠመ። የአራዊት ንጉሥ እንደ ልብስ ተሰቅሎ ተንጠለጠለ።

ኮረብታው ላይ ሁሉም ደርቀው ቀሩ። መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ጅብ ነው። «ያጠርኩት እኔ ነኝ!» ብሎ ቁልቁል ተንደረደረ። «የት ጋ እንደሚላላ አውቃለሁ!» እሾሁን በአፉ እየነከሰ ጎተተ። ከንፈሩ ተተለተለ፣ ምላሱ ደማ፤ አልለቀቀም። ቀዳዳ ተከፈተ። የደቦሎቹ እናት አንዱን ወረወረችለት፣ ሌላውን ደገመች፣ ከዚያ እሷም ቆዳዋ እየተቦጨቀ ወጣች። ከኋላዋ ጥቂቶች ተከተሉ።

«ብላታ፣ ና! በዚህ ውጣ!» አለ ጅብ።

ቀበሮ ቀዳዳዋን አየ፤ ጅብን አየ። «ጅብ በነጻ አፉን ከፍቶ አያውቅም። ይህ ወጥመድ ነው» ብሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ውሃው ደረሰ።

አጥሩ፣ ጉድጓዱ፣ ንጉሡ፣ ዳኛው፣ ሁሉም አንድ ላይ ሄዱ። እልልታ የነበረበት ቦታ ላይ ቡናማ ውሃ ብቻ ይሮጥ ነበር። አህያ ኮረብታው ላይ ሆና «አላልኩም ነበር?» አላለችም። ልጇን በአንገቷ ወደ ጎኗ ስባ፣ ቃሏ ስለደረሰ አለቀሰች።

ጅብ ደቦሎቹን ለእናታቸው አድርሶ ራቅ ብሎ ብቻውን ተኛ። አፉ በእሾህ ስለተሞላ መክደን አቅቶታል። ፍየሊቱ ከርቀት ስታየው ቆየች። ከዚያ ተነሣችና ወደሱ ሄደች።

«አፍህን ክፈት» አለችው።

ጅብ ደነገጠ። «ልትወጊኝ ነው?»

«ልጄን አልረሳሁም። ዝም ብለህ ክፈት።»

ከፈተ። ፍየሊቱ ልጇን በበሉት ጥርሶች መካከል አፏን አስገብታ እሾሁን አንድ በአንድ መንቀል ጀመረች። የጅብ መንጋጋ ተንቀጠቀጠ፤ ምራቁ ከእንባው ጋር ወረደ። መጨረሻዋ እሾህ እስክትነቀል ድረስ ግን አፉን አልገጠመም።

ከዚህ የምንማረው «ተመለሱ» የሚለው አስደንጋጭ ቃል የሚላከው እንድንጠፋ ሳይሆን እንድንድን መሆኑን፣ ንስሐም ጮኾ ማልቀስ ሳይሆን የወሰዱትን መመለስና ያጠሩትን በገዛ አፍ ማፍረስ መሆኑን ነው።