ፎቶው በየት በኩል ይምጣ

ጆሮ ያለው ወደዚህ ጠጋ ይበል፤ የቸኮለ ይሂድ፣ ይቺ ተረት እየተጎተተች ትረዝማለች።

የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ እትዬ ዘነቡ አንድ ነገር ብቻ ፈለጉ፤ ሐዋሳ የተወለደውን የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን ፊት ማየት። ልጃቸው ፎቶውን በኢሜይል ልካለች። እሳቸውም ቤተ መጻሕፍቱን ቆለፉና ኋላ ክፍል ካለው ትንሽ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡ።

ትንሹ ኮምፒውተር ግን ፎቶውን አላመጣም። "ብቻዬን የት እወጣለሁ? ጽሕፈት ቤት ያለው ትልቁ ያሳልፈኝ" አለ።

ትልቁ አላሳለፈም። "የኋላ ክፍል ኔትወርክ ሌላ፣ የእኔ ሌላ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረውን መንገድ የኮምፒውተር ባለሙያው ይርጋ ይጻፍልኝ።" ትልቁ አላሳልፍ አለ፣ ትንሹ አላመጣ አለ፣ እትዬ ዘነቡም ፎቶውን አላዩም።

ባለሙያው ይርጋ አልጻፈም። "እትዬ፣ ሞደሙ በስልክ መስመር ደውሎ ከኢንተርኔት ካልተገናኘ በየት በኩል እለፍ ብዬ ልጻፍለት?" ይርጋ አልጽፍ አለ፣ ትልቁ አላሳልፍ አለ፣ ትንሹ አላመጣ አለ፣ እትዬ ዘነቡም ፎቶውን አላዩም።

ሞደሙም አልደወለም። "መስመሩን ጥበቃ ክፍል ያለው ስልክ ይዞታል" አለ። ሞደሙ አልደውል አለ፣ ይርጋ አልጽፍ አለ፣ ትልቁ አላሳልፍ አለ፣ ትንሹ አላመጣ አለ፣ እትዬ ዘነቡም ፎቶውን አላዩም።

ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ጥበቃ ክፍል ሄዱ። የስልኩ እጀታ ተነሥቶ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። ዘበኛው ጋሽ ሽብሩ አጠገቡ ተቀምጠው ይጠብቁታል።

"ጋሽ ሽብሩ፣ ይዝጉት እንጂ።"

"ሰው ከሩቅ ደውሎ 'ይጥሩልኝ' እያለ እንዴት ይዘጋል? ነውር አይደለም እንዴ?"

ጋሽ ሽብሩ አልዘጋ አሉ፣ ሞደሙ አልደውል አለ፣ ይርጋ አልጽፍ አለ፣ ትልቁ አላሳልፍ አለ፣ ትንሹ አላመጣ አለ።

"ለመሆኑ የሚፈለገው ማን ነው?"

"እርስዎ ነዎት እንጂ። ቤተ መጻሕፍት ሰው ብልክ ተቆልፏል አሉኝ።"

እትዬ ዘነቡ እጀታውን አነሡ።

"እማዬ፣ ልጁን አየሽው?" አለች ልጃቸው። ሕፃኑ ከኋላዋ ያለቅሳል።

እትዬ ዘነቡ እንባና ሳቅ አንድ ላይ መጣባቸው። "ስልኩን ዝጊውና ልየው፣ ልጄ።"

ስልኩ ተዘጋ፣ ሞደሙ ደወለ፣ ይርጋ ጻፈ፣ ትልቁ አሳለፈ፣ ትንሹ አመጣ። ፎቶው ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ወረደ፤ መጀመሪያ ፀጉር፣ ከዚያ ግንባር፣ ከዚያ አፍንጫ።

"አፍንጫው የእኔ ነው" አሉ እትዬ ዘነቡ። አገጩ እስኪወርድ ድረስም ማንም ስልክ እንዳይነካ ጋሽ ሽብሩን ጥበቃ ክፍሉ በር ላይ አቆሙ።

ተረቴ እዚህ አበቃች፤ መስመር የያዘ ካለ ይልቀቅ።