ናፖሊዮንና ፓስተር በወይናምባ የተሟገቱ ዕለት

በከተማችን በወይናምባ ሰዎች «ማን ይበልጣል» ብለው ስለ ታላላቅ ሰዎች ሲከራከሩ፣ አንዱ ከጥግ ሆኖ አንዲት አባባል ጣል ያደርጋል፤ ሁሉም ይስቁና ክርክሩ ይበርዳል። በባለቤቴ ተዝካር ዕለትም ተባለች። የእህቴ ልጅ ወደ እኔ ዞራ «እትዬ፣ ይቺ ነገር ከየት መጣች?» አለችኝ። አባባሏ በተወለደችበት ሙግት ዳኛው ባለቤቴ ነበር፤ አሁን እሱ ስለሌለ ያየሁትንና እሱ ያወጋኝን እኔ ልጻፈው።

ባለቤቴ ቢያድግልኝ የወፍጮ ሠራተኛ ነበር። ከተጋባን ሁለተኛ ዓመታችን ነው። አንድ ቅዳሜ የማናውቀው ውሻ ለሃጩን እያዝረበረበ ደጃችን ደረሰና ቀኝ እጁን ነከሰው። ከዚያ የጎረቤት ፍየል ነክሶ፣ እየተንገዳገደ ሄዶ አጥር ሥር ሞተ። ማበዱን የሚነግረን አዋቂ አላስፈለገንም።

መድኃኒቱ ያለው ደሴ ነው። አውቶቡስ ወደኛ የምትመጣው ቅዳሜና ማክሰኞ ብቻ ሲሆን፣ የዚያን ቀን ስምንት ሰዓት ላይ ተመልሳ ትወጣለች። ከመሳፈሩ በፊት ግን የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ቁስል አካሚው፣ የመላኪያ ወረቀት ሊጽፍለት ይገባል። ቢያድግልኝ እጁን በነጠላዬ ጠቅልሎ ወደ ድሬሰሩ ሮጠ፤ እኔ ስንቅ ልቋጥር ቀረሁ።

ድሬሰር ልሳነወርቅ ቅዳሜ ከሰዓት የሚገኘው ጤና ጣቢያ ሳይሆን ዋርካው ሥር ነው፤ እማማ ውድነሽ ሳሙና ከሚሸጡበት መደብ ፊት ለፊት። ጓደኛው ነገረ ፈጅ ዘውገ ነው፤ ለሰው ጠበቃ ሆኖ ፍርድ ቤት የሚቆም፣ ምላሱ የተሳለ ሽማግሌ። ሁለቱም ያገኙትን መጽሐፍ ያነባሉ፤ ያነበቡትን ታላቅ ሰው ደግሞ ከሌላ ታላቅ ሰው ጋር ያጣላሉ። አንድ ሳምንት ኒውተንና እስክንድር ናቸው፣ ሌላ ሳምንት አርስጣጣሊስና ሰሎሞን። የዚያን ቀን ዘውገ ለናፖሊዮን፣ ልሳነወርቅ ለፓስተር ቆመው በሙክት ተወራርደዋል።

የጥንቱን ሥርዓት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሁለት ሰዎች ሲካሰሱ የአንዱን ኩታ ከሌላው ኩታ ጋር ቋጥረው ያገኙትን መንገደኛ «በሕግ አምላክ» ብለው ያቆማሉ። መንገደኛው ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል፤ ተሟጋቾቹ እስኪጨርሱ አፉን አይከፍትም። ይህ ልማድ በዚያን ጊዜ እየቀረ ነበር፤ ዘውገ ግን እንደ ጸሎት ይጠብቀው ነበር።

ቢያድግልኝ እያለከለከ ዋርካው ጋ ሲደርስ ዘውገ ዱላውን ዘረጋ።

«በሕግ አምላክ! ቁም!»

ቆመ። በሕግ አምላክ ተብሎ እግሩን የሚያነሣ ሰው አናውቅም ነበር።

«ጋሽ ዘውገ፣ እኔ እኮ ድሬሰሩን ፈልጌ...»

«ይኸው ተገኘሁ፤ ተቀመጥ» አለው ልሳነወርቅ እየሳቀ። «መጀመሪያ ፍረደን። ዛሬ የዚህን ሽማግሌ ሙክት ሳልነዳ አልሄድም።»

«የኔ ነገር አስቸኳይ ነው፣ ድሬሰር...»

«ዳኛ ይሰማል እንጂ አይናገርም!» አለ ዘውገ።

ባለቤቴ ይሉኝታ የሚገድለው ሰው ነበር። «ለአፍታ ነው» ብሎ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

ዘውገ ሊሟገት ብድግ ሲል፣ ኩታቸው የተቋጠረ ነውና ልሳነወርቅም አብሮት ተነሣ።

«በላ ልበልሃ!
በጦር የተያዘ በጦር ይመለሳል፣
ሕግ ያቆመ ንጉሥ ሞቶም ይነግሣል!

ናፖሊዮን ዙፋኑን ቢነጠቅ ሕጉን ማን ነጠቀው? እስከ ዛሬ ስንቱ አገር ይፈርድበታል!»

«በላ ልበልሃ!» መለሰ ልሳነወርቅ።
«የነገሠው ሁሉ አፈር ውስጥ ተኛ፣
በፓስተር መርፌ ግን ዳነ በሽተኛ!

ያንተ ሰው ስንቱን ወጣት በረዶ ላይ ጨረሰ። የኔው ጋ ግን አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ መጣ፤ ያበደ ውሻ ቦጫጭቆት...»

ቢያድግልኝ ዘሎ ተነሣ። «ውሻ! ድሬሰር፣ እኔም የመጣሁት በውሻ ነገር...»

«ቆይ እንጂ ዳኛ፣ ስለ ውሻው ገና ብዙ አለኝ!»

«ዳኛው አዳላ!» ብሎ ጮኸ ዘውገ። «የኔን ሲሰማ እንደ ግንድ ተቀምጦ፣ ውሻ ሲባል ዘለለ!»

እማማ ውድነሽ ከመደቡ ሆነው «እናንተ፣ የሰውዬው ነጠላ ደም ነክቶታል» አሉ።

«እማማ፣ ችሎት ነው!» አላቸው ልሳነወርቅ፤ ፓስተር በመርፌው ያዳነውን ልጅ ቁስል አንድ በአንድ መቁጠሩን ቀጠለ።

እኔ ስንቄን ተሸክሜ የደረስኩት የአውቶቡሷ ጥሩምባ ሲሰማ ነው። ተሳፍሯል ያልኩት ባሌ ዳኛ ሆኖ ተቀምጧል።

«ቢያድግልኝ! ወረቀቱስ?»

«አልጨረሱም» አለኝ።

«ያበደ ውሻ የነከሰውን ሰው ታስፈርዳላችሁ?» ብዬ ነጠላውን ከእጁ ገፈፍኩት። ልሳነወርቅ ጥርሱ የገባበትን አየ። አውቶቡሷን ሊያስቆም ሊሮጥ ሲል ዘውገን ጎትቶ ጣለው፤ ቋጠሮው ጠብቆ አልፈታ አለ። ዘውገ በካራ ቆረጠው። መንገዱ ላይ ስንደርስ አቧራዋ ብቻ ነበር።

ልሳነወርቅ ከእማማ ውድነሽ ሳሙና ለምኖ፣ ተንበርክኮ፣ ቁስሉን አጠበ፤ እንስራ ሙሉ ውኃ እስኪያልቅ አጠበ። ዘውገ በቅሎውን ጭኖ አመጣ። ባለቤቴን አስቀምጠው፣ ድሬሰሩ በእግሩ ልጓም ይዞ፣ የጭነት መኪና ወደሚያልፍበት ዋና መንገድ ወረዱ። ወረቀት አልጻፈም፤ ራሱ ደሴ ድረስ ተከትሎት ሄደ። ማታ ዘውገ ሙክቱን እኔ ደጃፍ አስሮ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ ተመለሰ።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሆዱ ላይ አሥራ አራት መርፌ ተወግቶ ከአውቶቡሷ ወረደ። ከተማው ሁሉ ወጥቶ ነበር። ዘውገ ጉልበቱ ላይ ወድቆ አለቀሰ።

«እኔ ልቅደምህ፣ ልጄ! በደልኩህ፣ ማረኝ!»

«ተነሡ፣ ጋሽ ዘውገ፤ ተዉ እንጂ።»

ዘውገ ተነሣ፣ እንባውን ጠረገ፣ ጉሮሮውንም ጠረገ። «ለመሆኑ... የዚያን ቀን ፍርዱ ሳይሰጥ ቀርቷል።»

ከደሴ አብሮት የተመለሰው ልሳነወርቅም ሻንጣውን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆመ። እውነቱን ልናገርና እኔም ጆሮዬን አቁሜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር ስንቴ ጠየቅኩት፤ ፈገግ ብሎ ያልፈኛል። ለማን ሊፈርድ እንደነበር ይዞት ሄደ። ያን ዕለት አፉን ሊከፍት ሲል እማማ ውድነሽ መሐል ገብተው እጁን ያዙና፣ ወደ ሁለቱ ተሟጋቾች ዞረው ያቺን አባባል ጣል አደረጉ፦ «ሙት ሲያበላልጡ፣ ቋሚ ሊቀብሩ!»