ጡሩንባው አይነፋም ጠመንጃ ካልጮኸ

ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል፤ ነገሩ የጀመረው ከአንዲት ትንሽ ልመና ነው።

ማንያዘዋል ትምህርቱን በአጭሩ ትቶ፣ ስንት ዘመን የአውቶቡስ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ሞልቷል! ሳበው!» ሲል የኖረ ሰው ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንለትም። ወደ አገሩ የመለሰችው እህቱ ዘርፌ ናት። አንድ ጆሮዋ የተቆረጠ ጅብ እግሯን ነክሳት፣ ሰው በጩኸት አስጣላት። ቁስሉ ድኗል፤ ፍርሃቱ አልዳነም። በሯን ዘግታ ጨለማ ውስጥ ትውላለች።

«ምን ላድርግልሽ?» አላት።

«ምንም። ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ ፀሐይ መሞቅ ነው ያማረኝ።»

«ታዲያ ነይ እንውጣ፤ እኔ አለሁ አይደል?»

«አንተ አውቶቡስ ታስቆም ይሆናል እንጂ ጅብ አታስቆምም። እሷ ካልሞተች አልወጣም።»

ማንያዘዋል የአባቱን አሮጌ ምንሽር ጠመንጃ ከቆጡ አወረደ፤ በሸራ ተጠቅልሎ የኖረ ነው። ይዞት ወደ አናጢው ወደ አያ ጫኔ ሄደ። አያ ጫኔ በአፈሙዙ አጮልቀው ውስጡን አዩት።

«ንጹሕ ነው። አባትህ በቅቤ አሽቶ ነው ያስቀመጠው።»

«አሮጌ ነው እኮ አያ። ክላሽ ፈልጌ ባመጣ አይሻልም?»

«ምን ሊያደርግልህ? ጅቢቱ የምትገባው ከብት መሃል ነው። ክላሽ ሲንጣጣ የሰው ላም ይጥላል። ይሄ አንዴ ነው የሚናገረው፤ የተናገረው ግን ይደርሳል። ሰደፉን ነው ምስጥ የበላው።»

«ይጥረቡልኛ!»

«በምኑ? ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃል፣ ግራር ትከሻህን ያወልቀዋል። የደረቀ ዋንዛ አምጣ።»

ልጅቷ ደጅ አትወጣም ጅቢቱ ካልሞተች፤ ጅቢቱ አትሞትም ጠመንጃ ካልጮኸ፤ ጠመንጃ አይጮህም ሰደፍ ካልገባለት፤ ሰደፍ አይጠረብም ዋንዛ ካልተገኘ።

የደረቀ ዋንዛ ያለው እትዬ ስንዱ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም በራቸውን ከውስጥ የሚደግፉበት ግንድ ነው።

«እሱን ወስደህ እኔን ለጅብ ልትሰጠኝ?» አሉ ብቸኛዋ ባልቴት። «በቦታው የብረት መቀርቀሪያ አሠራልኝ። ያኔ ግንዱን ራሴ ተሸክሜ አመጣልሃለሁ።»

ልጅቷ አትወጣም ጅቢቱ ካልሞተች፤ ጅቢቱ አትሞትም ጠመንጃ ካልጮኸ፤ ጠመንጃ አይጮህም ሰደፍ ካልገባለት፤ ሰደፍ አይጠረብም ዋንዛ ካልተገኘ፤ ዋንዛ ከበር አይነሳም ብረት ካልተተካ።

ብረት ቀጥቃጩ አያ ደባስ ከወንዙ ማዶ፣ ቁልቁለቱ ስር ነው የሚኖሩት። ሰው ደጃቸው አይደርስም። ማረሻው የዶለዶመበት ወንዙ ዳር ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ይመለሳል፤ ሲሳልለት ከዚያው ድንጋይ ላይ ያነሳል። ቡዳ ነው፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል ይሏቸዋል። ማንያዘዋልም አገር ያደረገውን አደረገ፤ ድንጋዩ ጋ ቆሞ ተጣራ።

«አያ ደባስ! የበር መቀርቀሪያ ፈልጌ ነበር!»

ሰውየው ከበሩ ሳይወጡ መለሱ። «እሳት የለኝም። ልጄን ጅቢቱ ከበላችብኝ ወዲህ ምንጣፍ ላይ ነኝ። በለቅሶ ቤት እሳት የሚያነድ ጎረቤት ነው። ምንጣፉንም የሚያነሳው ጎረቤት ነው። ማን መጣ? እስቲ ጎረቤት ጥራልኝ።»

«እሺ አያ፣ እጠራለሁ!» አለ ማንያዘዋል። ወንዙን ግን አልተሻገረም። ጎረቤት ሊጠራ ሽቅብ ተመለሰ።

ልጅቷ አትወጣም ጅቢቱ ካልሞተች፤ ጅቢቱ አትሞትም ጠመንጃ ካልጮኸ፤ ጠመንጃ አይጮህም ሰደፍ ካልገባለት፤ ሰደፍ አይጠረብም ዋንዛ ካልተገኘ፤ ዋንዛ አይነሳም ብረት ካልተተካ፤ ብረት አይቀጠቀጥም እሳት ካልነደደ፤ እሳት አይነድም ለቅሶ ካልተነሳ፤ ለቅሶ አይነሳም ጎረቤት ካልመጣ።

ጎረቤቶቹ ባንድ አፍ ተናገሩ። «የእድሩ ጡሩንባ ሳይነፋ ለቅሶ ይኬዳል እንዴ?»

ጡሩንባ ነፊው አያ ፈንታ ደግሞ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጡሩንባ የሚነፋው ከሐዘንተኛው ደጅ ላይ ነው። ያ ቁልቁለት የጅቢቱ መንገድ ነው። ጠመንጃህ ይጩህ፣ ያኔ እነፋለሁ።»

«ጠመንጃውን ልሠራ አይደል እንዴ የምለፋው!»

«አትጩህብኝ፤ መናኸሪያ አይደለም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞስ ያቺ ጅብ ራሱ እሱ ቢሆንስ?»

«የገዛ ልጁን በላ ነው የሚሉኝ?»

አያ ፈንታ ጡሩንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ መወልወል ያዙ።

ማንያዘዋል መንገዱ ዳር ተቀምጦ ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆጠረው። ልጅቷ አትወጣም ጅቢቱ ካልሞተች፤ ጅቢቱ አትሞትም ጠመንጃ ካልጮኸ፤ ጠመንጃ አይጮህም ሰደፍ ካልገባለት፤ ሰደፍ አይጠረብም ዋንዛ ካልተገኘ፤ ዋንዛ አይነሳም ብረት ካልተተካ፤ ብረት አይቀጠቀጥም እሳት ካልነደደ፤ እሳት አይነድም ለቅሶ ካልተነሳ፤ ለቅሶ አይነሳም ጎረቤት ካልመጣ፤ ጎረቤት አይወርድም ጡሩንባ ካልተነፋ፤ ጡሩንባ አይነፋም ጠመንጃ ካልጮኸ።

ሳቁ መጣ፤ ጠመንጃ ለመሥራት ጠመንጃ ያስፈልጋል! ወዲያው ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። እንደገና ቆጠረ። «ጎረቤት ካልመጣ» የሚለው ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያች ላይ ማለፍ አቃተው።

ተነስቶ ወደ እህቱ ሄደ። «ዘርፌ፣ ንፍሮ ቀቅይልኝ።»

«የማን ለቅሶ ነው?»

«የአያ ደባስ ልጅ።»

ዘርፌ የተነከሰ እግሯን ዳሰሰች። ስንዴና ሽንብራውን ዘፈዘፈች።

በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ፣ ጠመንጃ ሳይሆን የንፍሮ ሰሐን ይዞ ወረደ። ጠፍጣፋውን ድንጋይ አለፈው። ወንዙን ተሻገረ። ደጁ ላይ ጫማውን አውልቆ ገባና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

«እግዜር ያጥናዎት፣ አያ ደባስ።»

ሰውየው አላመኑም። ሰሐኑን ሲያቀርብላቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ለብቻ አድርግልኝ ልጄ።»

«ለምን? አብረን ነው የምንበላው» አለና ራሱ አስቀድሞ እጁን ሰደደ።

አያ ደባስ ያን እጅ ብዙ አዩት። ከዚያ ዘገኑ። ያኔ ነው ያለቀሱት። አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ከጎናቸው አልተነሳም። ሲነሳ ምንጣፉን ጠቀለለ፤ ምድጃው ላይም እሳት አነደደ።

ጎረቤት መጣና ለቅሶው ተነሳ፤ ለቅሶው ተነሳና እሳቱ ነደደ፤ እሳቱ ነደደና ብረቱ ተቀጠቀጠ፤ ብረቱ ተተካና ዋንዛው ከበሩ ተነሳ፤ ዋንዛው ተጠረበና ሰደፍ ሆነ፤ ሰደፉም ለጠመንጃው ገባለት። አያ ደባስ አፈሙዙንና ሰደፉን የሚያስሩ ሁለት የብረት ቀለበቶች ሠርተው አጠበቁለት። ከሰው ርቀው አንድ ቅል ላይ ቢሞክሩት ጥይቱ ቅሉን ስቶ ወደ ግራ ሄደ። ማነጣጠሪያውን በትንሿ መዶሻ ነካ ነካ አደረጉት፤ ሁለተኛው ቅሉን ፈረከሰው።

ጎሕ ሲቀድ ሁለቱ ከጠፍጣፋው ድንጋይ ጀርባ አደፈጡ። ጅቢቱ በተለመደው መንገዷ፣ ሆዷ ሞልቶ ወጣች። የተቆረጠው ጆሮዋ ታየ።

«አሁን?» አለ ማንያዘዋል በሹክሹክታ።

«ገና ነው። ጎኗን ትስጥህ።»

ጎኗን ሰጠች። ጠመንጃው አንዴ ተናገረ።

ጠመንጃው ጮኸና ጅቢቱ ሞተች፤ ጠመንጃው ጮኸና ጡሩንባው ተነፋ፤ ጡሩንባው ተነፋና ጎረቤቱ ሁሉ ወረደ። ጅቢቱ ተዘርራለች፤ አያ ደባስ ከጎኗ ቆመዋል። ሰው ጅቢቱን አየ፣ አያ ደባስን አየ፣ ከዚያ መሬት መሬቱን አየ።

«እግዜር ያጥናህ ደባስ» አሉ አያ ፈንታ። «ዘገየን።»

«ዘግይታችኋል» አሉ አያ ደባስ። ተጠቅልሎ የነበረውን ምንጣፍ አምጥተው ደጃቸው ላይ ዘረጉት። «ተቀመጡ።»

ማንያዘዋል ሽቅብ ሮጠ። ዘርፌ ተኩሱን ሰምታ በሯን ከፍታለች፤ ደጇ ላይ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች። ከፊቷ ቆሞ የሆነውን ሁሉ ሊነግራት ሲጀምር እጇን አነሳች።

«ቆይ፣ መጀመሪያ ፀሐዬን አትጋርድብኝ።»

ዞር አለላት። አጠገቧም ቁጭ አለ።